እትዬ ብርቄና የቅዳሜው መርዶ

እትዬ ብርቄ የተቀበሩ ዕለት የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ከኋላ ቆሜ ሰማሁ። የት እንደተወለዱ፣ እንዴት አሜሪካ እንደገቡ፣ እስከ ጡረታቸው ድረስ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እንደሠሩ፣ በጸሎት እንደተጉ ተነበበ። አንባቢው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ሲከት «በቃ? ይኸው ነው?» ልል ምንም አልቀረኝም። ባለቤቴ ፊቴን አይታ ክርኔን ያዝ አደረገችኝ። ያኔ ዝም አልኩ፤ አሁን ግን እኔ የማውቃቸውን እትዬ ብርቄን ልጻፍ። እኔ የማውቃቸው ከምንኖርባት ከኮሎምበስ ወጣ ብለው፣ በረዶ እየረገጡ፣ ሰውን በክንዱ ደግፈው መርዶ የሚያረዱትን ሴት ነው።

ነገሩ የጀመረው በወረርሽኙ የመጀመሪያ ክረምት ነው። ክረምት ስል የዚህን አገር ማለቴ ነው፤ ዛፉ ሁሉ ተራቁቶ፣ ሰማዩ የዕቃ ማጠቢያ ውሃ መስሎ የሚከርምበትን። ቤተ ክርስቲያናችን ተዘግታ አምልኮው ወደ ዙም ገብቷል። እኔ ሪከንባከር ያለ መጋዘን ውስጥ ስለምሠራ ቢያንስ የሰው ፊት፣ ግማሹንም ቢሆን፣ አያለሁ። ከቤት የማይወጡት ግን ሰው መሆናቸውን የረሱ ይመስሉ ነበር። እትዬ ብርቄ አንድ ቀን ደወሉልኝ።

«ዶክተሩ ስኳርህ ሃይ ነው ብሎሃል አሉ። ቅዳሜ ጠዋት እንሄዳለን፤ ወፍራም ካልሲ አድርግ።»

«የት ነው የምንሄደው እትዬ?»

«የትም። ዝም ብለን ነው የምንሄደው።»

የትም የማያደርስ ጉዞ፣ ያውም በበረዶ፣ ለእኔ የፈረንጅ ሥራ ፈትነት ነው። ለካ እሳቸውም ያገኙት ከፈረንጅ ነበር። መጦሪያው ውስጥ ይንከባከቧት የነበረች አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት ነበረች። ይቺ ሴት በወጣትነቷ በአገሯ ገጠር ከአንድ የእግረኞች ማኅበር ጋር፣ በዚያ ብርድ፣ ጭቃ እየረገጠችና የበግ ግጦሽ እያቋረጠች እንዴት ትዞር እንደነበር ገላዋን ባጠቧት ቁጥር ታወራቸዋለች። እግሯ ከከዳት በኋላ የቀራት ወሬው ብቻ ነው። እትዬ ብርቄ ደንቡን ሁሉ ከእሷ ወርሰው አመጡልን። በጣም ቀርፋፋው ሰው በሚችለው ፍጥነት ይኬዳል፤ አንድ ሰው ሁልጊዜ መጨረሻ ሆኖ ማንም እንዳይቀር ይጠብቃል፤ ሻይ በፔርሙዝ ተይዞ ይጠጣል፤ ዝናብም ውርጭም ምክንያት አይሆንም። አሮጊቷ ወረርሽኙ እንደገባ ሞተች። እትዬ ብርቄ ጡረታ ወጥተው ስለነበር የሰሙት ከወራት በኋላ ነው፤ «ሰው ሞቶ እንዲህ ይከርማል?» ብለው ሲናደዱ አስታውሳለሁ።

ከከተማችን ዳርቻ፣ ከሂሊያርድ አልፎ አንድ ፓርክ አለ፣ ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ መንገድ ያለው። አንዱ ጎኑ ጫካ ነው፤ ሌላው በአጥር የተከለለ ሰፊ ሣር ነው፣ እዚያ ውስጥ የአሜሪካ ጎሾች ጀርባቸው ላይ በረዶ ተከምሮባቸው ቆመው ይውላሉ። እትዬ ብርቄ እስከ ጉልበታቸው የሚደርስ የወንድ ጃኬት ለብሰው፣ ጫማቸውን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው፣ የመወልወያ እንጨት ተመርኩዘው ከፓርኪንጉ ይነሳሉ። ረጅም ናቸው፤ ሲሄዱ ወደፊት ዘንበል ይላሉ። ብርዱ መረረን ስንል «ብርድ አይገድልም፤ የሚገድለው ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ማየት ነው» ይሉናል። አፋቸው በማስክ ስለተሸፈነ ሲቀልዱና ሲቆጡ የምንለየው በዓይናቸው ነበር፤ ዓይናቸውም ቢሆን ብዙ አያስታውቅም።

ከገና በፊት ሒሩት የምትባል ወጣት እህታችን አባቷ አዲስ አበባ ሞቱ። ደኅና ጊዜ ቢሆን ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ዘመዶቿ ለእኛ ይደውላሉ፣ ለእሷ ማንም ትንፍሽ አይልም፣ ሽማግሌዎችና ወዳጆች ተሰብስበን ሥራ ሳትሄድ በማለዳ በሯን እናንኳኳለን። አሁን ግን ሰው ቤት መሰብሰብ አይቻልም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ተስፋዬ፣ ሽማግሌ የምለው በሹመቱ ነው እንጂ በዕድሜስ እኔ እበልጠዋለሁ፣ በዙም ይነገራት የሚል ሐሳብ አመጣ።

«በስክሪን?» አሉ እትዬ ብርቄ። «ስትወድቅ ማን ይይዛታል? ስትጮህስ ሚውት ልታደርጓት ነው?»

ቅዳሜ ሒሩትን ለጉዞ ጠሯት። ፓርኪንጉ ላይ ሻይ ቀድተው ሰጧትና «ቁርስ በልተሻል?» አሏት። «አዎ እትዬ፣ እንቁላል» አለች ልጅቷ። ክንዷን ይዘው ከፊታችን ቀደም ብለው ሄዱ። ከእንጨቱ ድልድይ እንዳለፉ የሒሩት ጩኸት ጫካውን አናወጠው። እዚያው ልትቀመጥ ስትል እትዬ ብርቄ አልፈቀዱላትም፤ ብብቷ ሥር እጃቸውን አግብተው ያራምዷት ጀመር። «እየሄድሽ አልቅሺ፣ የኔ ልጅ፣ እየሄድሽ» ሲሏት እንሰማለን። ተራራቁ የሚለውን ሕግ ያን ቀን እንኳን እሳቸው እኛም ረሳነው። ተስፋዬ ከኋላ የመጽናኛ መዝሙር ሊያስጀምር ሲል ዞር ብለው እንጨታቸውን አነሱበት። «ገና ሳታለቅስ አታጽናናት» አሉት።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ የመርዶ ቀን ሆነ። ያን ክረምት ሞት በሁለቱም አገር በዝቶ ነበር። «ቁርስ በልተሃል?» የሚለው የደግ ሰው ጥያቄ ከአፋቸው ሲወጣ የማን ተራ ነው ብለን እርስ በርስ እንተያይ ጀመር። ሙሉጌታ የሚባል ጎልማሳ እናቱ አገር ቤት ታማበት ነበርና፣ አንድ ቅዳሜ ሲጠይቁት «አልበላሁም እትዬ፣ ምንም አልቀመስኩም» ብሎ ወደ መኪናው ሸሸ። በባዶ ሆዴ አይነግሩኝም ብሎ ነው። እትዬ ብርቄ ከኪሳቸው የተቀቀለ እንቁላል አወጡ። ጓንታቸውን አውልቀው፣ ብርዱ ጣታቸውን እያደነዘዘው ላጡለትና በልቶ እስኪጨርስ አጠገቡ ቆሙ። ሙሉጌታ እያኘከ ያለቅስ ነበር። ከመካከላችን የሳቀ ሰው የለም።

አንድ የማይጥሱት ደንብ ነበራቸው። የሰሙትን መርዶ ከመጪው ቅዳሜ አያሳልፉም። ፈተና አለባት፣ አዲስ ሥራ ጀምሯል፣ ትንሽ ይቆይ የሚሉ ዘመዶችን አይሰሙም።

«እኔ እያወቅሁ እሱ ሳያውቅ ሲውል ሰውዬውን እያሞኘሁት ነው» አሉኝ አንድ ጊዜ። «ቀልድ ሲያወራኝ እንዴት ብዬ ልሳቅለት?»

ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ሜሮን እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ኮሎምበስ አጠገብ ባለችው ደብሊን ውስጥ አንድ ትልቅ ቢሮ ትሠራለች፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው ሰለሞን ያለው አዳማ ነው። ከአገር ሲወጡ ሕፃን ስለነበር አክስቱ ጋ ትተውት ወጡ፤ ሊያመጡት የጀመሩት ጉዳይ ሲጓተት ልጁ ጎልማሳ ሆነ፤ በመጨረሻ ተሳካ ሲባል ወረርሽኙ መጥቶ የኤምባሲ ቀጠሮው ተሰረዘ። ስለ እሱ ብዙ አያወሩም። በየቀኑ ግን፣ ከእኛ ጋር እየሄዱም ቢሆን፣ ድምፃቸውን ስልኩ ላይ ቀድተው ይልኩለታል። «ሶሌ፣ ማስክህን አድርገሃል? እኔ ደህና ነኝ፣ በረዶ ላይ ነኝ» ሲሉ እንሰማቸዋለን።

በፌብሩዋሪ ሰለሞንን በሽታው ያዘው። ሆስፒታል ገባ፣ ኦክሲጅን ተፈለገ፣ ሞተ። እናቱ መታመሙንም አልሰሙም። አክስቱ የደወለችው ለተስፋዬ ነው። ተስፋዬ ለሌሎቹ ሽማግሌዎችና ለሜሮን ነገረ፤ በመጪው ቅዳሜ በጉዞው ላይ ይነገራቸው ተባለ። ያን ቅዳሜ የጣለው በረዶ መንገዱን ዘግቶት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳንሄድ ቀረን። የሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ የእትዬ ብርቄ የክትባት ቀጠሮ ነበር፤ ስንት ተደክሞበት የተገኘ ቀጠሮ ነውና መጀመሪያ ይከተቡ ተባለ። ክትባቱ አተኮሳቸው፣ ግፊታቸው ከፍ አለ፤ ግፊቱ ይውረድላቸው ተብሎ ሌላም ቅዳሜ አለፈ። እያንዳንዱ ምክንያት ለብቻው ሲታይ ደግነት ነው።

ሜሮን አልተስማማችም። ኋላ እንደነገረችኝ ተስፋዬን «ጀስት ቴል ኸር! እናቱ እኮ ናት» ብላ እንዲነግራቸው ለምናው ነበር። እሱም ባህሉ እንዲህ እንደሆነ፣ እናቷ ብቻቸውን እያሉ ደንግጠው ቢወድቁ ፀፀቱ የሷ እንደሚሆን አስረዳት። እሷ ራሷ ልትነግራቸው ስልክ አንስታ ታውቃለች። ግን ምን ብላ እንደምትጀምር ጠፋት። «እንዲህ ያለ ነገር የምናገርበት አማርኛ የለኝም» አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ።

እናትየው በዚህ መሐል ይደውላሉ። አክስትየው አንዴ ስልኩ ተበላሽቷል፣ አንዴ ለሥራ ራቅ ያለ አገር ሄዷል ትላቸዋለች። ድምፅ መላካቸውንም አላቋረጡም። የሰለሞን ስልክ አክስቱ እጅ ነበርና የእናቱን ድምፅ በየቀኑ እየከፈተች ታዳምጠው እንደነበር የሰማነው ዘግይተን ነው።

ረቡዕ የዙም ጸሎት አለን። እኔም ነበርኩ። እትዬ ብርቄ ካሜራቸው ግንባራቸውን ብቻ እያሳየ «ልጄ ስልክ አያነሳም። ነገሩ አላማረኝም፤ ጸልዩልኝ» አሉ። ተስፋዬ ጸለየ። «ጌታ ሆይ፣ ሰለሞንን ባለበት ቦታ ዳስሰው፣ ጤናውን ጠብቅ፣ ለእናቱም ድምፁን አሰማት» አለ። ሁላችንም አሜን አልን። እኔ ሳላውቅ ያልኩት ነው፤ እያወቁ አሜን ያሉ ግን ነበሩ፣ እስከ ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል። በእኛ እምነት ለሞተ ሰው አይጸለይም። ይህንን ደግሞ ከተስፋዬ በላይ የሚያስተምር የለም።

አርብ ዕለት ተስፋዬ ኮል አድርጎ ነገረኝ። «ነገ ጎናቸው ሁንልኝ፣ አንተን ይወዱሃል» አለኝ። መቼ እንደሞተ ጠየቅሁት። ሲነግረኝ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ቅዳሜ ፓርኪንጉን መኪና ሞልቶታል። አንድም ቀን ከእኛ ጋር ሄደው የማያውቁ ሰዎች የቤተ ክርስቲያን ጫማቸውን አድርገው በረዶው ላይ ይንሸራተታሉ። ሜሮን ጥቁር ካፖርት ለብሳ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣለች። እትዬ ብርቄ መጡ፤ መኪናዎቹን አዩ፣ ጫማዎቹን አዩ፣ ምንም አልጠየቁም። ለሁሉም ሻይ ቀዱ፤ ለራሳቸው አልቀዱም። ከዚያ እንጨታቸውን አንስተው መንገድ ጀመሩ፣ እኔ በቀኛቸው፣ ተስፋዬ በግራቸው።

ድልድዩን አለፍን፤ ተስፋዬ አልተናገረም። የጎሾቹን አጥር አለፍን፤ አሁንም አልተናገረም። እኔን ያየኛል፣ ጀምርልኝ እንደማለት። ሁልጊዜ የምንመለስበት ቦታ ስንደርስ እትዬ ብርቄ አልተመለሱም፤ ሰው ያልረገጠው በረዶ ውስጥ ገቡ። ከኋላችን ያሉት እየወደቁ ይነሳሉ። ያኔ ፊታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ።

«ቁርሴን በልቻለሁ ተስፋዬ።»

ነገራቸው። ቃሉ አፉ ውስጥ እየተሰባበረበት፣ ሰለሞን፣ ጌታ፣ ዕረፍት እያለ ተንተባተበ። እትዬ ብርቄ አልጮሁም። ክንዳቸውን ይዤ ስለነበር ክብደታቸው ሁሉ ወደ እኔ ሲመጣ ተሰማኝ፤ እንዲያም ሆኖ መራመዱን አልተዉም። ትንሽ እንደሄድን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«መቼ?»

ተስፋዬ እግሩ ሥር ያለውን በረዶ እያየ ይራመዳል።

«ልጄ መቼ ነው የሞተው?»

«ሦስት ሳምንት አልፎታል እትዬ። በረዶው ነበር፣ ከዚያ ደግሞ ቫክሲኑ... ለእርስዎ ብለን ነው።»

ቆሙ። መርዶ ከተነገረ በኋላ እትዬ ብርቄ ሲቆሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ረቡዕ ዕለት» አሉ፣ «ጸልይልኝ ስልህ፣ ዳስሰው፣ ጠብቀው ያልከው ማንን ነው?»

«እትዬ...»

«ማንን ነው? እኔን ነው ያታለልከው ወይስ እግዚአብሔርን?»

ተስፋዬ በረዶው ላይ ተንበረከከ። ይቅር ይበሉኝ እያለ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ እኔ እንኳን፣ ያን ያህል ተናድጄበት፣ አሳዘነኝ። እሳቸው ግን አያዩትም። ሜሮን ከመኪናዋ ወጥታ ዱካችንን ተከትላ እየሮጠች ደርሳ ነበርና የሚያዩት እሷን ነው።

«አንቺስ ታውቂ ነበር?»

«ማም፣ እነሱ... ዘይ ቶልድ ሚ ናት ቱ» አለች ልጅቷ፣ እንዳትነግሪያቸው አሉኝ ማለቷ ነው።

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

ሜሮን ልትይዛቸው እጇን ዘረጋች። እትዬ ብርቄ ክንዳቸውን ከእጄ አውጥተው በመጡበት ዱካ ብቻቸውን ተመለሱ። ማንም ሊደርስባቸው አልደፈረም፤ በሩቁ ተከተልናቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መጡ። እንደማይመጡ እርግጠኛ ስለነበርኩ ከፓርኪንጉ ሲወጡ ሳያቸው ደነገጥኩ። ከዚያ በኋላ ግን መርዶ አላረዱም። ሰው ሲለምናቸው «በር ማንኳኳት ትችላላችሁ፣ እኔን ተዉኝ» ይላሉ። ፊት ፊት መሄዱንም ትተው መጨረሻ ሆኑ፤ ማንም እንዳይቀር የሚጠብቀው ሰው ቦታ ላይ ማለት ነው። ሜሮንም ትመጣ ጀመር። ከእናቷ ጎን ዝም ብላ ትሄዳለች፤ ለብዙ ሳምንታት እናትና ልጅ ሲነጋገሩ አልሰማሁም። ኋላ ላይ በጓንቷ እየጠቆመች የዚህንና የዚያን የአማርኛ ስም ስትጠይቃቸው፣ እሳቸውም አጠር አድርገው ሲመልሱላት እሰማ ነበር።

ከተስፋዬ ጋር አልተጣሉም። ሰላም ይሉታል፤ ኮቪድ ሲይዘው ምግብ ሠርተው በሩ ላይ አስቀምጠውለታል። ቤተ ክርስቲያን ስትከፈትም አንድም እሑድ አልቀሩም። ይዘምራሉ፣ ያጨበጭባሉ። ጸሎት አልቆ ጉባኤው አሜን ሲል ግን የእሳቸው አፍ አይንቀሳቀስም። መጀመሪያ ማስኩ ነው ብዬ ነበር፤ ማስኩ ከወረደም በኋላ አየሁት። ሌላ ሰውም አይቷል፣ የሚናገር ግን አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ከኋላ አብሬያቸው ስሄድ ጠየቅኋቸው።

«በምን ላይ አሜን እንደምል መጀመሪያ ልወቅ» አሉኝ፤ ከዚያ በላይ አላሉም።

በሁለተኛው ክረምት ጃኬቱ ሰፋቸው። ቀርፋፋው ሰው እሳቸው ሆኑና ሁላችንም በእሳቸው ፍጥነት እንሄድ ጀመር፤ ከዚያ ድልድዩ ጋ መመለስ ጀመሩ፤ ከዚያ ቀሩ። የቆሽት ካንሰር ነው ተባለ። ኦፕራሲዮን ሲያደርጓቸው ተሰራጭቶ ስላገኙት ምንም ሳይነኩ መልሰው ሰፉት። እሳቸው ገና ከማደንዘዣው ሳይነቁ ዶክተሩ ወጥቶ ለሜሮን ነገራት፤ እኔና ተስፋዬም አጠገቧ ነበርን። ነገ ጠዋት መጥቼ እኔው አስረዳቸዋለሁ ብሏት ሄደ።

«ትንሽ እስኪጠነክሩ...» ብሎ ተስፋዬ ጀመረ። የራሱን ድምፅ ሰምቶት መሰለኝ፣ አልጨረሰውም። ሜሮን አልፋው ገባች፤ እኛም ተከተልናት።

እትዬ ብርቄ ሲነቁ ፊታችንን ተራ በተራ አዩ። ሜሮን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች። ሙሉ ነገር በአማርኛ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«እማዬ፣ ከፈቱሽ። ካንሰሩ ብዙ ቦታ ሄዷል። አላወጡትም። ትሞቻለሽ። በቅርብ ነው። አሁን ነው የነገሩኝ፣ አሁን መጣሁ።»

ትሞቻለሽ የሚለውን ቃል ሰው ፊት ለፊት ሲነገር የሰማሁት በጥል ጊዜ ብቻ ነው። እኛ ብንሆን ዙሪያ ጥምጥም እንሄድበት ነበር። ጆሮዬን መያዝ ቃጣኝ። እትዬ ብርቄ መርፌ የተሰካበትን እጃቸውን አንስተው የልጃቸውን ጉንጭ ዳሰሱ።

«ተባረኪ» አሉ። «ተባረኪ ልጄ። አንቺ የኔ ልጅ ነሽ።»

ወደ ተስፋዬ ዞሩ።

«በል አሁን ጸልይልኝ።»

ተስፋዬ እጁን አልጋው ጠርዝ ላይ አሳረፈ። ሲጀምርም ፈውስ አልለመነም፣ ዕድሜ አልለመነም። ሕመሙ እንዲቀልላቸውና ሜሮን ብቻዋን እንዳትቀር ብቻ ለመነ፤ ከዚያ በላይ አልቻለም። ሲጨርስ እኔም ሜሮንም እያለቀስን ስለነበር ከእኛ ወገን አሜን ያለ የለም። አሜን ያሉት እትዬ ብርቄ ናቸው፤ ጉሮሯቸው ደርቆ ነበር፣ ግን ኮሪደር ላይ ያለችው ነርስ ዞር ብላ እስክታየን ጮክ ብለው ነው ያሉት።